በደቻቱ አሸዋ ላይ ያልተደረገው የእግር ጉዞ

በድሬዳዋ እንግዶችን የማስጎበኝበት አጭሩ የእግር መንገድ ከለገሃር ተነሥቶ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር ያልፍና አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ የሆነውን የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ ቀፊራ ገበያ ላይ ያበቃል። መንገዱ አጭር ይሁን እንጂ ከተማይቱ ለምን እዚህ ቦታ ላይ እንደ ተቆረቆረች እርሱን ያህል የሚያስረዳ የለም። ከጅቡቲ የመጣው ሐዲድ ሐረር ሊገባ ታስቦ ነበር፤ ተራራውን መውጣት ከባድ በመሆኑ ግን በ1895 ዓ.ም. እዚህ ግርጌው ላይ ደረሰ፣ ከዚራም በቀጥተኛ ጎዳናዎቿ ተቀየሰች። ከወንዙ ማዶ ያለችው መጋላ በጠባብና ጠመዝማዛ መተላለፊያዎቿ በራሷ መንገድ አደገች። ሁለቱን የሚለያያቸው ደቻቱ ነው።

ነገሩ የሆነው በነሐሴ ነው። ከአዲስ አበባ አንድ ቡድን መጥቶ ነበር፤ የላከው የጉዞ ወኪል በፕሮግራሙ ላይ «በወንዙ አሸዋ ላይ የእግር ጉዞና ፎቶግራፍ» ብሎ አስፍሯል። ወሩ ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ቢሆን ኖሮ ራሴ ደስ እያለኝ ባወረድኳቸው፤ ያ ሰፊ ደረቅ አሸዋ በማለዳ ብርሃን ሲታይ እጅግ ያምራልና። በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን በደቡብ በኩል ከከተማው በላይ ያለው የደንገጎ ተራራ በደመና ጠቁሮ ስላየሁ በድልድዩ እንደምንሻገር ነገርኳቸው።

የቡድኑ አስተባባሪ ቀና ብሎ ተመለከተና፣ «ሰማዩ እኮ ጥርት ያለ ነው» አለኝ።

«የድሬ ሰማይ ጠርቷል፤ እኔ የማየው ደንገጎን ነው።»

«እዚያ ቢዘንብ እዚህ ምን አገባን?»

ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ ከውስጤ አልወጣም። ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም የጠየቀው፤ ውኃ በሌለበት አሸዋ ዳር ቆሞ ጎርፍን ማሰብ ለማያውቀው ሰው በእርግጥ ይከብዳል። የደቻቱ አደጋ ግን ያለው እዚሁ ላይ ነው። ከተማው ጠብታ ሳያይ በደጋው የዘነበው ዝናብ ከተራቆተው ቁልቁለት ላይ ተንደርድሮ፣ ድንጋይና ግንድ ጠራርጎ በአንድ ጊዜ ይደርሳል። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት፣ ሰው በተኛበት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሎ በሺህ የሚቆጠሩትን ያለ ቤት አስቀርቷል። በዚህ ከተማ የሚኖር ሰው በክረምት ወደ ደንገጎ ሳያይ ወደ ወንዙ አይወርድም። ይህን ሁሉ ነገርኩት፤ እርሱ ግን ፕሮግራሙን እያሳየ፣ «የተከፈለበት ነው» ከማለት አላለፈም።

ነገሩን የቋጩት በቡድኑ ውስጥ የነበሩ አንዲት እናት ናቸው። «ልጄ፣ አገሩን የምታውቀው አንተ ነህ፤ በል ምራን» አሉኝና በድልድዩ በኩል ቀደሙ። ሌሎቹም ተከተሏቸው።

በዚያ ቀን ጎርፉ አልመጣም። ደመናውም ቀስ በቀስ ተበተነ። ቀፊራ ደርሰን እንግዶቹ በቅስቶቹ ሥር ቅመምና ፍራፍሬ ሲያዩ አስተባባሪው ጠጋ ብሎ፣ «ታዲያ ጎርፉ የታል?» አለኝ። አልመለስኩለትም፤ ጎርፍ ያልመጣበት ቀን የእኔን ፍርድ ስሕተት አያደርገውም፣ ቢመጣ ኖሮም ያንን ጥያቄ ለመጠየቅ በቆምንበት መቆም ባልቻልን ነበር። ወኪሉ «ፕሮግራም አጓድሏል» ብሎ ከቀን ክፍያዬ ቀነሰ።

ከዚያ ወዲህ ከሐምሌ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ በአሸዋው ላይ እንደማላስኬድ ሥራ ከመቀበሌ በፊት በጽሑፍ አስታውቃለሁ። ይህ ክርክሩን አላስቀረልኝም፤ ከወንዙ ዳር ወደ ስልክ አዛወረው እንጂ። አንዳንድ ወኪሎች ተስማምተው ጉዞውን ወደ በጋ ይለውጣሉ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ሌላ አስጎብኚ ይፈልጋሉ። የዚያ ቡድን ላኪ ከሁለተኞቹ ነው፤ አሸዋው አሁንም በክረምት ፕሮግራሙ ላይ እንዳለ ነው።