ከወሎ ተነስቶ ውጭ አገር የኮምፒውተር ሳይንስ ማስተርስ፦ ከደብዳቤው በፊት ወረቀቱ

ደሴና ኮምቦልቻ ኮምፒውተር ሳይንስ ጨርሰው በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ማስተርስ ውጭ ለመማር የሚያስቡ ልጆች ብዙውን ጊዜ ቀድመው የሚያሳስባቸው ሞቲቬሽን ሌተሩ፣ ማለትም ለምን መማር እንደፈለጉ የሚያስረዱበት ደብዳቤ ነው። እኔ የጀመርኩት ከሬጅስትራር ነው፤ ዛሬም ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምመክረው ይህንኑ ነው። ደብዳቤ በራስ እጅ ያለ ሥራ ነው፤ ትራንስክሪፕት ግን የሌላ ሰው ፊርማና ማኅተም ይጠብቃል።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተመራቂ ኮስት ሼሪንግ፣ ማለትም ከትምህርቱ ወጪ የሚመልሰው ድርሻ አለበት። ስቱደንት ኮፒና ቴምፖራሪ (ጊዜያዊ የምረቃ ማስረጃ) በእጁ ይኖራል፤ ኦሪጅናል ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ለማውጣት ግን የኮስት ሼሪንጉን ጉዳይ መጨረስ አለበት። ብዙ ፕሮግራሞች ለማመልከቻ ስካን ይበቃቸዋል፣ ኦሪጅናሉን የሚፈልጉት ለምዝገባ ነው። ስለዚህ በስቱደንት ኮፒ አመልክቶ፣ መልስ በሚጠበቅባቸው ወራት ክፍያውን መጨረስ ይቻላል። ስካን ሲደረግ የትራንስክሪፕቱ ጀርባ አይረሳ። የውጤት አሰጣጡ ማብራሪያ እዚያ ከታተመ፣ ያለሱ «ኤ» እና «ቢ ፕላስ» ምን ያህል እንደሆኑ መዝጋቢው የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ቀጥሎ ስም ነው። እኛ ጋ ሙሐመድ፣ ሰይድ ወይም ሁሴን የማይጠራበት ክፍል የለም። ሙሐመድ በላቲን ፊደል ሲጻፍ በኦ ወይም በዩ፣ በአንድ ኤም ወይም በሁለት ይሆናል፤ ትራንስክሪፕቱ አንዱን፣ ፓስፖርቱ ሌላውን ይዞ ሲገኝ ውጭ አገር ያለው መዝጋቢ የሁለት ሰው ወረቀት ነው ብሎ ይመልሰዋል። ፓስፖርት ገና ያላወጣ ሰው ትራንስክሪፕቱን ይዞ ሄዶ ፊደል በፊደል በዚያው ያስሞላ። ቀድሞ ያወጣ ደግሞ ሁለቱም ስሞች የእሱ መሆናቸውን የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ከሬጅስትራር ያጽፍ። ፎርሙ የቤተሰብ ስም ሲጠይቅ አባት ነው አያት ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም፤ ፓስፖርቱ በዚያ ቦታ የጻፈውን እንዳለ መገልበጥ ነው። የምረቃ ቀንም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ብቻ ከተጻፈ በጎርጎርዮስም እንዲጨመርበት መጠየቅ ይገባል።

ነጥብን በተመለከተ ጀርመኖች ሲጂፒኤያችንን የሚቀይሩበት የባቫሪያ ቀመር የሚባል ስሌት አላቸው። ከ4.0 ላይ የራስን ነጥብ መቀነስ፣ የቀረውን ለ2 ማካፈል፣ በ3 ማባዛት፣ 1 መደመር። 2 የመጣው ከ4.0 ላይ ማለፊያችን 2.0 ሲቀነስ ነው። 3.4 ያለው 1.9 ይሆናል፣ 3.0 ያለው 2.5። እዚያ የሚሻለው ትንሹ ቁጥር ነው። 2.5ን እንደ ድንበር የሚይዙ ፕሮግራሞች ስላሉ፣ ከ3.0 በታች ያለ ሰው ማመልከቻ ከመሙላቱ በፊት የእያንዳንዱን መስፈርት ያንብብ።

ጥሩ ነጥብ ያለውንም ሰው የሚጥለው የኮርስ ዝርዝር ነው፤ እኔም ብዙ ጉልበት ያፈሰስኩት እዚህ ላይ ነው። ፕሮግራሞቹ በሒሳብ፣ በቲዮሬቲካል ኮምፒውተር ሳይንስና በፕሮግራሚንግ ስንት ኢሲቲኤስ (የአውሮፓ የትምህርት ክሬዲት መለኪያ) እንደሚፈልጉ ለይተው ይጽፋሉ። የእኛ ካሪኩለም በተለምዶ 3 ክሬዲት አወርን እንደ 5 ኢሲቲኤስ ይቆጥራል። ሠንጠረዥ ሠራሁ፦ በግራ እነሱ የጠየቁት፣ ከጎኑ የእኔ ኮርስ፣ ክሬዲቱ፣ ውጤቱ፣ በመጨረሻ የሲላበሱ ገጽ ቁጥር። ለአውቶማታ ቲዮሪ «ተማሪው ስለ አውቶማታ ይረዳል» የሚል መግለጫ ምንም አያስረዳም። ፋይናይት አውቶማታ፣ ፑሽዳውን አውቶማታ፣ ፓምፒንግ ሌማ፣ ቱሪንግ ማሽን ተብሎ በየምዕራፉ ሲቀመጥ ገምጋሚው ከራሱ ኮርስ ጋር ያመሳክረዋል። ሲላበሱ ከትምህርት ክፍሉ ማኅተም ጋር ይሁን። አይቲ ወይም ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ የተማሩ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚወድቁት በዚህ ነው፤ ቲዮሪው ስለሚጎድላቸው ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ወይም ዳታ ላይ ያተኮሩ ፕሮግራሞች ይሻሏቸዋል ባይ ነኝ።

የት ላመልክት ለሚል ሰው ዶላር የሚከፈልበት ካርድ ማግኘት ትልቅ ጣጣ ስለሆነ፣ በነፃ ማመልከት ከሚቻልባቸው መጀመር ይሻላል። የአውሮፓ ኅብረት ስኮላርሺፕ የሆነው ኤራስመስ ሙንዱስ አንዱ ነው፤ በአማርኛ ቋንቋ ቴክኖሎጂ መሥራት የሚፈልግ ላንጉዌጅ ኤንድ ኮሙኒኬሽን ቴክኖሎጂስ የሚባለውን፣ ዳታ የሚወድ ቢግ ዳታ ማኔጅመንት ኤንድ አናሊቲክስን ይመልከት። የሀንጋሪ መንግሥት ስኮላርሺፕ ስቲፔንዲየም ሁንጋሪኩምም አለ፤ እሱ ከኦንላይኑ ሌላ የላኪውን አገር ዕጩነት ስለሚጠይቅ ሁለቱንም በር ማንኳኳት ያስፈልጋል። በጀርመን ለብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የውጭ አመልካቾችን ወረቀት የሚመረምረው ዩኒ አሲስት ለመጀመሪያው ማመልከቻ 75 ዩሮ፣ ለተጨማሪው 30 ዩሮ ያስከፍላል።

ብዙዎቹ ማመልከቻዎች የሚዘጉት ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። የገና ሳምንት ቢሮ ባዶ ነው፣ ወደ ላሊበላ የሚወስደው መንገድ ይጨናነቃል፣ ወዲያው ጥምቀት ይከተላል። ማኅተም የሚፈልግ ወረቀት ሁሉ እስከ ኅዳር መጨረሻ ይጠናቀቅ። በመካከለኛው አውሮፓ ሰዓት 23፡59 ማለት በእነሱ ክረምት ለእኛ ከሌሊቱ 7፡59 ነው፤ ግን ያንን ሰዓት መጠበቅ አይገባም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ዳታ ለወራት ጠፍቶ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው መልሶቹን ሁሉ በወርድ ፋይል ጽፎ ይይዛል፣ ኔትወርክ ባገኘበት ቀንም አስገብቶ ይገላገላል።

ለእንግሊዝኛ የተለመደው አይኤልትስ 6.5 ነው፤ ውጤቱ ለ2 ዓመት ይሠራል። ፈተናው አዲስ አበባ ስለሆነ 400 ኪሎ ሜትር መንገድ አለው። ቤት ውስጥ የሚወሰደውን ዱዎሊንጎ መብራትና ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ከተማ አልመክርም። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ መሰጠቱን የሚገልጽ የሬጅስትራር ደብዳቤ የሚበቃቸው ፕሮግራሞችም አሉ።

ለድጋፍ ደብዳቤ መምህሩን «መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? በዚህ ኮርስ ይህን ፕሮጀክት ሠርቼልዎታለሁ» ብሎ በአክብሮት መጠየቅና የፕሮጀክቱን ዝርዝር በአንድ ገጽ አያይዞ መላክ ነው። የዩኒቨርሲቲ ኢሜይላቸውን ማስገባት ያሻል፤ ጂሜይል የማይቀበሉ ፕሮግራሞች አሉ። ፕሮግራሙ ለመምህሩ የሚልከው ሊንክ ስፓም ውስጥ ሊገባ ስለሚችልም ደውሎ ማሳወቅ ግድ ነው።

ሞቲቬሽን ሌተር «ከልጅነቴ ጀምሮ ኮምፒውተር እወዳለሁ» በሚል አይከፈት። ሀ፣ ሐ እና ኀን ወደ አንድ ፊደል ማምጣት በአማርኛ ፍለጋ ላይ ምን ለውጥ እንደሚያመጣ የፈተነ ሰው ያንን ይጻፍ። የወሎን የዓጀሚ ጽሑፎች (በዐረብኛ ፊደል የተጻፉ የአገር ቋንቋ ጽሑፎች) በማሽን ማንበብ የሚፈልግ የትኛው ቤተ ሙከራ ያንን እንደሚሠራ ለይቶ ይጥቀስ። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ሴሚስተሩ የተቋረጠበት ሰው ክፍተቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረድቶ ይለፍ።

ስኮላርሺፕ ላላገኘ ሰው የጀርመን ቪዛ በብሎክድ አካውንት (በየወሩ የተወሰነ ብቻ የሚወጣበት የባንክ ሒሳብ) 11,904 ዩሮ ለአንድ ዓመት ይጠይቃል። ኤራስመስ ሙንዱስ በወር 1,400 ዩሮ ይሰጣል፤ ጉዞም ቪዛም ከዚያው ነው፣ የመጀመሪያው ክፍያም ብዙውን ጊዜ የሚገባው እዚያ ደርሶ ባንክ ከተከፈተ በኋላ ነው። ስለዚህ የትኬትና የቤት ማስያዣ ብር ከቤተሰብም ከዕቁብም ቢሆን ቀድሞ መዘጋጀት አለበት፤ የቪዛ ቀጠሮም የመቀበያ ደብዳቤው በደረሰበት ዕለት ይያዝ።