የአሳማ ጭምብል ያጠለቀው ሰውዬ

ዛሬ እማዬን ማሳቹሴትስ፣ ሃድሊ ወዳለው የፎርት ወንዝ የእግር መንገድ ወሰድኳት። ጉልበቷን ስለሚያማት ዳገት አይሆንላትም፤ እዚህ ግን ለጥ ያለ የእንጨት ርብራብ ነው፣ ዊልቸር ሳይቀር ይሄድበታል። ቦታው ሲልቪዮ ኮንቴ በሚባል ሰው ስም የተሰየመ ጥብቅ ስፍራ አካል ነው ስላት "ጣልያን ነው እንዴ?" አለችኝ። (ጣልያን ሲባል ጆሮዋ ይቆማል።)

የጣልያን ስደተኞች ልጅ ነው፣ ፒትስፊልድ ነው የተወለደው። እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ በ1991 እስኪሞት ድረስ የኮንግረስ አባል ነበር፤ ለዘብተኛ ሪፐብሊካን። በ1983 ባልደረቦቹ ለየወረዳቸው የሚቀራመቱትን የመንግሥት ገንዘብ ለመቃወም የአሳማ ጭምብል አጥልቆ ጋዜጠኞች ፊት ወጣ። አሜሪካኖች እንዲህ ያለውን ወጪ "አሳማ" ነው የሚሉት። እማዬ "በስመ አብ!" ብላ አማተበች። እሱም አምኸርስት ለሚገኘው የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ማዕከል ገንዘብ እንዳመጣ አልነገርኳትም፤ ወሬው ይበላሻል።

እኔን የሚገርመኝ ሌላው ነው። ጥር 1991 ከራሱ ፓርቲ የሆነው የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የጠየቀውን የባሕረ ሰላጤ ጦርነት፣ ከምክር ቤቱ ሪፐብሊካኖች የተቃወሙት ሦስት ብቻ ነበሩ። አንዱ እሱ። ወር ሳይሞላው ሞተ። ወንበሩን ዴሞክራቶች ወሰዱት፣ እስከ ዛሬም አለቀቁም።

"ታዲያ ወንዝ ምን አገናኘው?"

"አሳ ማጥመድ ይወድ ነበር። ሳልመን የሚባለው አሳ ወደ ኮነቲከት ወንዝ እንዲመለስ ይሟገት ነበር።"

"ተመለሰ?"

"አልሆነም፣ በ2012 የፌዴራል መንግሥቱ ሙከራውን ተወው።"

አጥሩን ተደግፋ ውሃውን ስታይ ቆየች።