«ቲዳክ» የምትል አንዲት ቃል

የማላይኛው መጠይቃችን የሙከራ ቅጽ ታትሞ እጄ ገባ! ለትምህርት ኩዋላ ሉምፑር ከመጣሁ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። መጠይቅ ወደ አማርኛ ለመመለስ ለምታስቡ የሙያ ጓደኞቼ ያየሁትን ላካፍላችሁ።

የያዝነው እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣውን የቶሮንቶ የኢምፓቲ (የሌላውን ስሜት የመጋራት) መጠይቅ ነው። 16 ጥያቄ አለው። መልሱ ከ«በጭራሽ» እስከ «ሁልጊዜ» ሲሆን ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ነጥብ ይሰጣል። ሁለት ማላይኛ ተናጋሪዎች ለየብቻ ተረጎሙት፣ አስታረቅነው፣ ዋናውን ያላየ ሰው መልሶ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። የኔ ማላይኛ የገበያ ስለሆነ ድርሻዬ ማስታወሻ መያዝና ከባልደረባዬ ጋር ሰዎችን ማነጋገር ነበር።

ማላይኛ ስሜትን «ሃቲ» ውስጥ ነው የሚያኖረው። ሃቲ ማለት ጉበት ነው። እኛ በሆድና በአንጀት እንደምናዝነው ማለት ነው። «ሳኪት ሃቲ» ግን፣ ቃል በቃል የጉበት ሕመም፣ ሐዘን ሳይሆን ቅያሜ ነው። ይህን ተርጓሚዎቹ ቶሎ ያዙት።

ፈተና የሆነብኝ ሌላ ነው። ከ16ቱ 8ቱ ጥያቄዎች የተገለበጡ ናቸው፣ ማለትም «ሁልጊዜ» 0፣ «በጭራሽ» 4 ያሰጣል፤ «የሌሎች መከራ ብዙም አይረብሸኝም» እንደሚለው። መልሶ ትርጉሙ ከዋናው ጋር ቁርጥ አንድ ሲሆን ጮቤ ረግጬ ነበር። ከዚያ ናሲ ለማክ (በኮኮናት ወተት የተቀቀለ ሩዝ) የሚሸጡ አንዲት ማክ ቺክ (እኛ «እትዬ» እንደምንለው) ዘንድ ሄድን። ጥያቄውን ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡ። እስክሪብቶውን ትንሽ አንስተው ቆዩና «ሰላሉ»፣ ሁልጊዜ፣ የሚለው ላይ ምልክት አደረጉ። በነጥብ አሰጣጡ ይህ ዜሮ ነው። ምን አስበው እንደመረጡ ስንጠይቃቸው የጎረቤታቸው ቤት ጎርፍ ሲገባበት ሌሊቱን እንቅልፍ እንዳልወሰዳቸው፣ በማግስቱም ምግብ ይዘው እንደሄዱ ነገሩን። «ቲዳክ» የምትለዋን አሉታ ዓይናቸው ዘሏታል። ሙሉ 4 የሚገባቸው ሴት ዜሮ አገኙ።

ለአማርኛ ደግሞ ይብሳል። «አይረብሸኝም» ከሚለው ጎን «በጭራሽ» የሚለውን ምረጡ። እኛ ጆሮ «በጭራሽ አይረብሸኝም» ነው የሚሆነው። መጠይቁ ግን «አይረብሸኝም የሚባለው እኔን በጭራሽ አይገልጸኝም» ብሎ ወስዶ ከፍተኛውን ነጥብ ይሰጣል። ሰው ሲወድቅ «እኔን!» ብሎ የሚጮህ ሕዝብ በቅጹ ምክንያት ጨካኝ ሆኖ ሊወጣ ይችላል፤ ጨካኙም ሩኅሩኅ።

ስለዚህ አቋሜ ይሄ ነው፦ መልሶ ትርጉም ከሚገባው በላይ ይታመናል። ቃላቱ መግጠማቸውን እንጂ ሰው እንዴት እንደሚያነባቸው አያሳይም። ገንዘብና ጊዜ ካጠራችሁ እሱን ቀንሱና ሰዎች አጠገብ ተቀመጡ። ጮክ ብለው ያንብቡላችሁ፣ ለምን እንደመረጡ ይንገሯችሁ። እኔ ይህን የጀመርኩት በጣም ዘግይቼ ነው፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

8ቱንም ወደ አዎንታ እንቀይር ብዬ አማካሪዬን ለምኜ ነበር። እሷ እምቢ አለች፦ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ከሄደ ሳያነብ «ሁልጊዜ» ላይ ብቻ የሚያሰምረውን መለየት አይቻልም፣ ከሌሎች ቋንቋዎች ቅጂ ጋርም አይወዳደርም። ልክ ነች፤ ልቤ ግን አልረካም። ለጊዜው «ቲዳክ»ን አድምቀን፣ ከሥሯ አስምረን አትመናል። አንዳንዱ አሁንም ይዘላታል። ቅዳሜ ጠዋት አዲሱን ቅጽ ይዘን ማክ ቺክ ዘንድ እንመለሳለን።