ባቡሩ አሽበርን ደረሰ፤ የመኪናው ቁልፍ ግን ከእጃችን አልወጣም

እንደ ብዙው ሐበሻ እኛም ወደ ቨርጂኒያዋ ሎዶን ካውንቲ የዘለቅነው የአሌክሳንድሪያ የቤት ኪራይ አልቀመስ ሲለን ነው። ካውንቲው በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2000 ዓ.ም. 170 ሺህ ያህል ነዋሪ ነበረው፤ በ2020ው ቆጠራ ግን ከ420 ሺህ አልፏል። እርሻና የፈረስ መስክ የነበረው ምድር ታውንሀውስና መስኮት አልባ ዳታ ሴንተር (የኮምፒውተር መረጃ ማከማቻ ሕንፃ) ሲሞላበት፣ መንገዱም፣ ሱቁም፣ ትምህርት ቤቱም የተሠራው ሁሉም ሰው መኪና ይኖረዋል በሚል ስሌት ነው፤ ባቡሩ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ሲልቨር ላይን የሚባለው የሜትሮ፣ ማለትም የዋሽንግተን ዲሲና የአካባቢዋ ባቡር፣ መስመር በ2014 ሬስተን ላይ ደርሶ ለዓመታት ከዚያ አላለፈም ነበር። ወደ ሎዶን እንዲገባ የካውንቲው ምክር ቤት በ2012 የወሰነው 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ሲሆን፣ እዚያው ሎዶን ውስጥ እስካለችው አሽበርን ድረስ አገልግሎት የጀመረው ኖቬምበር 15 ቀን 2022 ነው። ለግንባታው ከወጣው ገንዘብ ከፍተኛው ድርሻ የተሰበሰበው ደለስ ቶል ሮድ በሚባለው የክፍያ (ቶል) መንገድ ከሚያልፉ ባለ መኪኖች መሆኑን ሳስብ፣ እኔም በቶል ስከፍል የኖርኩበትን ባቡር እንደምሳፈር ይሰማኛልና ወንበሩ ላይ ስቀመጥ ቅር አይለኝም።

እኔ የምሠራው መሀል ዲሲ በሚገኝ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው መኪና ሳስገባና ሳስወጣ ውዬ ራሴ በባቡር መመለሴ የሥራ ባልደረቦቼን ያስቃቸዋል። ሆኖም ከአሽበርን በመኪና ወደ ከተማ የሚገባ ሰው መጀመሪያ በግል ኩባንያ የተያዘውን ግሪንዌይ የተባለ የክፍያ መንገድ፣ ቀጥሎ ደለስ ቶል ሮድን፣ በመጨረሻም በመግቢያና በመውጫ ሰዓት ክፍያው እንደ ትራፊኩ ብዛት የሚወጣና የሚወርደውን 66 የሚባለውን አውራ ጎዳና ማለፍ ስላለበት፣ ቤንዚኑን ሳይቆጥር ደመወዙን መንገድ ላይ ሲበትን ይውላል። ባቡሩ ግን ከዳር እስከ ዳር ቢሄዱበትም አንዱ ጉዞ 7 ዶላር አይሞላም። አንድ ሰዓት ያህል ይፈጅብኛል፤ መንገድ ክፍት በሆነበት ሰዓት መኪና እንደሚቀድመው አልክድም። የባቡሩ አንድ ሰዓት ግን ዝናብም ሆነ አደጋ በመጣ ቁጥር ሁለት ሰዓት አይሆንብኝም።

ችግሩ ከቤት እስከ ጣቢያው ያለው መንገድ ነው። በመኪና ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚፈጀው ይህ መንገድ በእግር ሲሆን፣ የእግረኛ መሄጃው አንድ ያልተጠናቀቀ የግንባታ አጥር ዘንድ ሲደርስ ድንገት ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ሣሩን እየረገጡ በጎን የሚያልፈውን የጭነት መኪና ነፋስ መቋቋም ነው። በረዶ የጣለ ቀን ደግሞ ጠራጊው መኪና ከአስፋልቱ የገፋውን ክምር እግረኛው በሚሄድበት በኩል ይቆልለዋል። አውቶቡስ የለም አይባልም፤ ግን አንዱ ካመለጠ የሚቀጥለውን ለመጠበቅ ጋቢ የሚያስፈልግ ነው።

ባለቤቴ የምትሠራው ደለስ አየር ማረፊያ ነው። ባቡሩ እዚያው በር ላይ ጣቢያ አለው፤ እሷ ግን አትሳፈርበትም። ሺፍቷ የሚጀምረው በአገራችን አቆጣጠር ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሲሆን፣ ሜትሮ በሥራ ቀን የሚከፈተው 11 ሰዓት ላይ ነው። ሻንጣ የሚጭነው፣ አውሮፕላን የሚያጸዳው፣ ቡና የሚያፈላው ሐበሻ በአብዛኛው የሚገባው በዚያ ሰዓት ስለሆነ፣ ጣቢያው ከሠራተኛው ይልቅ ለመንገደኛው የታሰበ ይመስለኛል። ሰዓቱ እንዲስተካከል ጥያቄ የሚያነሣ ማኅበር ወይም ቤተ ክርስቲያን በመካከላችን አለመኖሩም ያስገርመኛል፤ ስለ ትራፊክ ለማማረር ግን የሚያህለን የለም።

ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። የእኛ ማኅበራዊ ኑሮ ከዳር ወደ ዳር ነው፤ ለቅሶው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ክርስትናው አሌክሳንድሪያ፣ ማኅበሩ ስተርሊንግ ይሆናል። የሜትሮ መስመሮች ግን ሰውን ወደ መሀል ከተማ ለማስገባት የተዘረጉ ናቸውና፣ ከአሽበርን ሲልቨር ስፕሪንግ ለመድረስ ዲሲ ድረስ ገብቶ ወደ ሬድ ላይን መቀየር ግድ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ዳሩን ከዳር እንዲያገናኝ የታቀደው ፐርፕል ላይን የተባለው የባቡር መስመርም ቢሆን ሜሪላንድን ከቨርጂኒያ የሚለየውን የፖቶማክ ወንዝ አይሻገርም። ሁለት ልጆችና አንድ ድፎ ዳቦ ይዞ በዚያ መንገድ የሚሄድ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም፤ ሁላችንም 495 በሚባለው የከተማው ዙሪያ አውራ ጎዳና ላይ በአሜሪካን ሊጅን ድልድይ ተሰልፈን እንገናኛለን።

በመጨረሻ ከሁለቱ መኪኖች የእኔን ሸጥነው፤ ኢንሹራንሱ ብቻ በወር ያስቀረልን ገንዘብ የልጆቹን የክረምት ካምፕ ሸፈነ። የቀረው መኪና የባለቤቴ ነው። ባቡሩ ዘግይቶ በሚጀምርባቸው የእረፍት ቀናት ማለዳ ተረኛ ስሆን ስተርሊንግ የሚኖር የሥራ ባልደረባዬ መንገዱን አጥፎ ይወስደኛል፤ ቶሉን እኔ እከፍላለሁ።