በሩ ሲከፈት የሚድን ካሜራ

በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ እንደዚህ የሚያናድድ ብልሽት የለም፤ ሊያዩት ሲመጡ የሚድን። ባለመኪናው "ወንድሜ ሙት፣ ትናንት አልሠራም ነበር" ብሎ ይምላል። መኪናው ግን ሰላም ነው።

አንድ ደንበኛዬ የኋላ ካሜራው እንዳስቸገረው ደውሎ ነገረኝ። መኪናው የኋላ በሩ ወደ ላይ የሚከፈት ነው። ካሜራውን አንዴ አስቀይሮታል። አዲሱም ትንሽ ሠርቶ ያው ሆነ። "አሁን ደግሞ እስክሪኑ ነው አሉኝ። ልግዛ እንዴ?" አለኝ። ምንም እንዳትገዛ ብዬው ቤቱ ሄድኩ።

መኪናውን ከመንካቴ በፊት መጠየቅ እወዳለሁ። "ማርሹን ወደ ኋላ ስታስገባ እስክሪኑ ምን ያሳይሃል?" የዚህ መልስ የሥራው ግማሽ ነው። እስክሪኑ ሬዲዮው ላይ እንዳለ ከቀረ፣ ማርሹ መግባቱን ጭራሽ አላወቀም። ያኔ የሚፈለገው ካሜራው ሳይሆን ለእስክሪኑ ምልክት የምታደርሰው ቀጭን ሽቦ ናት። ተቀይሮ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ከሆነ ግን ምልክቱ ደርሷል፤ የጠፋው ምስሉ ነው። ጭጋግ የለበሰ ምስል ከመጣ ደግሞ መጀመሪያ ሌንሱን ጥረጉት። ጭቃ የለበሰ ካሜራ ይዞ "ተበላሸብኝ" የሚል ሰው ብዛቱ!

የእሱ ጥቁር ነበር። "አንዳንዴ ብልጭ ይልና ድርግም ይላል። በተለይ መንገዱ ኮረኮንች ሲሆን" አለኝ። ኮረኮንች ሲል ልቤ ወደ ሽቦ ሄደ። የተቃጠለ ካሜራ እንደተቃጠለ ይቀራል እንጂ ሲንገጫገጭ አይነቃም።

የእጅ ፍሬን ያዝን፣ ጎማው ሥር ድንጋይ አደረግን። ሞተሩን ሳናስነሳ ቁልፉን ብቻ ከፍተን ማርሹን ወደ ኋላ አስገባን። ነጩ የኋላ መብራት በራ። ይሄ በነጻ የሚገኝ መረጃ ነው። ካሜራው ኤሌክትሪክ የሚወስደው ከዚያ መብራት ከሆነ፣ ፊውዙም ማርሹ ላይ ያለው ስዊችም ደህና ናቸው ማለት ነው። በኋላ የተገጠመ ካሜራ አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያ ነው፤ የእሱም እንደዚያ ነበር። ፋብሪካ የገጠመው ግን የራሱ መስመር ሊኖረው ይችላል። በ12 ቮልት የማይሠራም ስላለ፣ ለመሞከር ብላችሁ ባትሪ በቀጥታ እንዳታገናኙበት።

በሩን ከፍቼ፣ የውስጡን ሽፋን አውልቄ ሶኬቱን ለካሁ። 12.1 ቮልት። ማሳውም፣ ማለትም ወደ መኪናው ቦዲ የሚመለሰው የኔጌቲቭ መስመር፣ ደህና ነው። ደንበኛዬ ከፊት ወንበር "መጣ! ቁልጭ ብሎ መጣ!" አለ። በሩን ዘጋሁት። "ኧረ ጠፋ!"

የቀደሙትን ሰዎች የሸወዳቸው ይሄ ይመስለኛል። ካሜራውን ለመፈተሽ በሩ መከፈት አለበት፤ በሩ ሲከፈት ደግሞ ይሠራል። አዲስ ካሜራ ገጥመው፣ ምስሉን አይተው፣ ሸኙት።

"የሰሌዳ መብራትህስ እንዴት ነው?" አልኩት።

"እሱማ ከጠፋ ቆየ። አምፖል ብቀይርለትም እምቢ አለ።"

ካሜራውና የሰሌዳው መብራት አንድ የጋራ መንገድ አላቸው። ሽቦዎቹን ከጣሪያው ወደ በሩ የሚያሻግረው፣ እንደ አኮርዲዮን የተሸበሸበው ጥቁር ጎማ ነው። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር እዚያ ውስጥ ያለው ሽቦ ሁሉ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ከዓመታት በኋላ መዳቡ ይበጠሳል።

ግምት ግን ግምት ነው። ካሜራውን ሳልነቅል ከሶኬቱ ጀርባ ሁለት ረጃጅም ሽቦዎች አያይዤ ወደ ኋላ ወንበር አሳለፍኳቸው። አለመንቀሌ ትልቅ ነገር ነው። ካሜራው ተነቅሎ ሲለካ በአንዲት ክር የተንጠለጠለ ሽቦም 12 ቮልት ያሳያል። ጉዱ የሚወጣው ጭነት ሲመጣበት፣ ማለትም ካሜራው ኤሌክትሪክ ሲስብበት ነው። እሱ በሩን ቀስ እያለ እንዲዘጋ ነገርኩትና ቴስተሩ ላይ አፈጠጥኩ። 12፣ አሁንም 12። ስንዝር ሲቀረው 7፣ ቀጥሎ 3፣ ሲገጥም ዜሮ።

የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈትቼ ጎማውን ከቦታው አወጣሁት። ለካሜራው ኤሌክትሪክ የሚያደርሰው ቀዩ ሽቦ ላዩን ሲያዩት ምንም አልሆነም። በሁለት ጣቴ ይዤ ስስበው ግን ተለጠጠ። ጤነኛ ሽቦ አይለጠጥም። ውስጡ ተበጥሶ የቀረው ፕላስቲኩ ብቻ ነበር። ስልጠው መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል፤ ውኃም ገብቶበታል። የሰሌዳው መብራት ሽቦ ደግሞ ጭራሹን ለሁለት ሄዷል።

ጠምዝዞ ናስትሮ መጠቅለል እዚህ አይሠራም። ንጹህ መዳብ እስካገኝ ቆረጥኩ። ከዚያ በደንብ የሚተጣጠፍ አዲስ ሽቦ፣ ትንሽ ርዝመት ጨምሬ፣ ቀጠልኩበት። ቅጥሉን በሊድ በየድኩት፣ በሙቀት የሚሸበሸብ ላስቲክ አለበስኩት። መገጣጠሚያው ግን ከሚታጠፈው ቦታ ውጭ መሆን አለበት። ሊድ የጠጣ ሽቦ ይደርቃል፤ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ካደረጋችሁት ከአጠገቡ እንደገና ይበጠሳል። ደግሞ የጣሪያውን ዳር ሽፋን በጉልበት አትጎትቱ። በብዙ መኪና ከሥሩ ኤርባግ ተጣጥፎ ተቀምጧል።

በሩን ዘግተን ሞከርን። ምስሉ ወዲያው መጣ። የአሜሪካ ደንብ እ.ኤ.አ. ከሜይ 2018 ጀምሮ በአዳዲስ የቤት መኪናዎች ላይ የኋላ ካሜራ ግዴታ ሲያደርግ፣ ማርሹ ከገባ በ2 ሰከንድ ውስጥ ምስሉ እንዲታይ ይጠይቃል። እኔም በሁሉም መኪና የምለካው በዚህች ነው። መኪናው መሄድ ከጀመረ በኋላ የሚመጣ ምስል ምን ያደርጋል?

ደንበኛዬ የድሮውን ካሜራ ከመሳሪያ ሳጥኑ አወጣ። ሰካነው። እሱም ቁልጭ ያለ ምስል አሳየ።

"ታዲያ ይሄን ምን ላድርገው? ለፊት ልግጠመው?"

"ይሆናል። ግን የኋላ ካሜራ ግራና ቀኙን እንደ መስታወት ገልብጦ ነው የሚያሳየው። አንዳንዱ ላይ ይህንን የምታስተካክል ትንሽ የሽቦ ቀለበት አለች፤ እሷ ትቆረጣለች።"

"ፒንሳህን አውሰኝ" አለኝ፣ ቀለበቷን እየፈለገ።