ከሉካንዳው ደጅ

ዛሬ ገርጂ፣ ሉካንዳ ቤት ደጃፍ የምትተኛዋን ቡችላ በካርቶን ይዤ ወደ እንስሳት ሐኪም ሄድኩ። የላዳው ሹፌር መጀመሪያ «ውሻ አልጭንም» አለ፤ ኋላ ግን መንገዱን ሙሉ በስፖኪዮ እያየ ሲያጫውታት ነበር።

ሦስት ወር ገደማ ይሆናታል ተባልኩ። የትል መድኃኒት ዋጠች፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም ተወጋች። በሽታው ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ክትባቱ ግን የደቂቃ ሥራ ነው፤ ጭጭ አለች!

ቤት ስደርስ ጎረቤቴ እማማ «ምነው ልጄ፣ የፈረንጅ ውሻ አጥተሽ ነው?» አሉኝ። ለፈረንጅ ውሻ የሚወጣው ብር ደሜን ያፈላዋል። የአበሻው እኮ ብርዱንም ረሃቡንም ችሎ በየደጃችን ቁጭ ብሏል።

ማታ በር ተንኳኳ። እማማ ናቸው፣ በፌስታል አጥንት ይዘው።

«ስሟን ማን አልሻት?»

ገና ነው። እስቲ ስም አዋጡ።