ጭረቱ ላይ አታቁሙ

ዋሽንግተን ዲሲ መሀል ከተማ፣ የመኪና ማቆሚያ ጋራዥ ውስጥ ነው የምሠራው። ይህን ስል ከአንባቢዎቼ ስንቱ "እኔም" እንደሚል አውቃለሁ። የዚህ ከተማ ፓርኪንግ በሐበሻ እጅ ነው ቢባል ብዙም አልተጋነነም። ካሸሩ፣ መኪና ተቀብሎ የሚያቆመው ልጅ፣ የማታው ሱፐርቫይዘር... ዞር ዞር ብትሉ አማርኛ ወይ ትግርኛ የማይሰማበት ጋራዥ ማግኘት ይከብዳል። ስለዚህ ዛሬ ስለ ሃንዲካፕ ፓርኪንግ፣ ለአካል ጉዳተኞች ስለተለየው ማቆሚያ፣ ስጽፍ ለመንግሥት አቤት እያልኩ አይደለም። የምጽፈው ለእኛው ነው።

ሃንዲካፕ ፓርኪንግ ሲባል ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣው ሰማያዊው ሰሌዳና አስፋልቱ ላይ የተሳለው ዊልቸር ነው። እዚያ ላይ ያለ ፈቃድ የሚያቆም ደፋር እኔ ጋ ብዙ አይመጣም፤ ቅጣቱን ይፈራል። ችግሩ ጎኑ ያለው ነው። ሰያፍ ሰያፍ ጭረት የተሰመረበት፣ ባዶ የሚመስለው ቦታ። ሰው እሱን የተረፈ አስፋልት አድርጎ ነው የሚያየው። ምግብ አድራሹ እዚያ ይቆማል፣ ሞተር ሳይክል እዚያ ይገባል፣ ጽዳቶቹ የቆሻሻ ገንዳውን እዚያ ያሳርፋሉ፣ ግሮሰሪ ደግሞ ሰው ጋሪውን ገፍቶ እዚያ ጥሎት ይሄዳል። በረዶ ሲጥል የሚጠርገው መኪናም የሰበሰበውን ሁሉ አምጥቶ እዚያው ይቆልለዋል። ክፍት ስለሆነ።

ክፍት የሆነው ግን በምክንያት ነው። በ1990 የወጣው፣ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚያስጠብቀው ኤዲኤ የሚባለው የፌዴራል ሕግ አለ፣ በ2010 የወጣ ዝርዝር መለኪያም አለው። በዚያ መሠረት ለተራ መኪና የተለየው ቦታ ራሱ 8 ጫማ ስፋት ሲኖረው ጭረቱ 5 ጫማ ይሆናል። ለቫን ከሆነ ወይ ቦታው 11 ጫማ ሆኖ ጭረቱ 5፣ ወይ ሁለቱም 8፣ 8 ጫማ። በሁለቱም መንገድ ሲደመር 16 ጫማ ነው። ይህ ሁሉ ስፋት ለምንድነው ብላችሁ እንደሆን፣ የቫኑ በር ተከፍቶ ራምፑ፣ ዊልቸሩ የሚወርድበት መንሸራተቻ፣ ሲዘረጋ ብቻ ቆማችሁ እዩ። ራምፑ መሬት ይነካል፣ ዊልቸሩ ወርዶ ይመጣል፣ ከወረደ በኋላ ደግሞ መዞሪያ ይፈልጋል። ከዚያ ስፋት ላይ አንድ ሞተር ሳይክል የሚያክል ብትወስዱበት ሰውየው እመኪናው ውስጥ ይቀራል፣ ወይም እመኪናው ደጅ።

ደንበኞቻችን ውስጥ በዊልቸሩ ላይ እንደተቀመጠ ቫን የሚነዳ ሰው አለ። ጋዙንም ፍሬኑንም በእጁ ነው የሚይዘው። አንድ ዓርብ ከሰዓት ከቢሮ ወርዶ ሲመጣ ጭረቱ ላይ አንዲት ትንሽ መኪና ቆማለች፣ አራቱንም መብራቷን እያርገበገበች። መብራት ማብራት እኮ ፈቃድ የሚመስለው ሰው አለ። እኔም "ቁልፉን ስጠኝና ወደ ኋላ ላውጣልህ" አልኩት። ሳቀ። በሩን ከፍቶ አሳየኝ፣ የሹፌር ወንበር የለውም። ወንበሩ የነበረበት ቦታ ወለሉ ላይ ዊልቸሩን የሚቆልፍ ብረት ብቻ ነው ያለው። ከእሱ በቀር ያንን መኪና ማንቀሳቀስ የሚችል ሰው በሕንፃው ውስጥ አልነበረም። ቆመን ጠበቅን። በመጨረሻ የትንሿ መኪና ባለቤት ቡናውን ይዞ መጣና "አምስት ደቂቃ ብቻ ነው የቆየሁት" አለ። ይቅርታም ጠየቀ፣ ግን እኔን ነው። ሰውየውን ዞር ብሎ እንኳ አላየውም።

ይህ የደንበኛ ጥፋት ነው፣ እሺ። የእኛስ?

ጋራዥ የሠራ ሰው ያውቀዋል። ቀኑ ሞቅ ብሎ ቦታው ሲሞላ ከላይ ስልክ ይደወላል፣ "አስገባ" ይባላል። ቁልፍ ተቀብለን መኪና ከመኪና ኋላ መደርደር እንጀምራለን። ያኔ መጀመሪያ የሚበላው ቦታ ጭረቱ ነው። ሰበባችንም ዝግጁ ነው፦ ቁልፉ እጃችን ላይ ነው፣ ባለቤቱ ሲመጣ በደቂቃ እናነሳዋለን። በወሬ ደረጃ ልክ ነው። በተግባር ግን ምሳ ሰዓት ላይ አንድ ልጅ ብቻውን ሆኖ፣ ካሸሩ ጋ ሰልፍ ቆሞ፣ ሁለት ሰው "መኪናዬ የታለ" እያለ በሚጮህበት ሰዓት ያቺ ደቂቃ ሩብ ሰዓት ትሆናለች፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ይህም ሰውየው ለመውጣት ሲመጣ ነው። ሊገባ የመጣው ደግሞ ከሩቅ አይቶ ዞሮ ይሄዳል። አይጨቃጨቅም፣ አይከስስም። ማኔጀሩም "እዚህ እኮ የሚጠቀምበት ሰው የለም" ይላል፤ እንዴት ይኑር?

ሌላው ኮን ነው። በቅን ልቦና የሚደረግ ስለሆነ መናገሩ ይከብዳል። ሰማያዊው ቦታ እንዳይያዝ ብለን መሀሉ ላይ ኮን እናስቀምጣለን። ጥሩ። ታዲያ ብቻውን እየነዳ የመጣ ዊልቸር ተጠቃሚ ኮኑን ማን ያንሳለት? ወርዶ እንዳያነሳ ለመውረድ ቦታው ያስፈልገዋል። ኮን ካስቀመጣችሁ አጠገቡ ሰው ይኑር፣ መኪናው ብቅ ሲል የሚያነሳ። ሰው ከሌለ ኮኑን ተዉት። ጭረቱ ላይ ግን እነዚያ የሚታጠፉ የፕላስቲክ ምሰሶዎች አሉ አይደል፣ እነሱ ጫፉ ላይ ቢተከሉ መኪና አያስገቡም፣ ዊልቸር ግን በመሀላቸው ያልፋል። ራምፑን እንዳይነኩ ተለክቶ መተከል ብቻ ነው የሚፈልጉት። የእኛ ጋራዥ ይህን እንዲያደርግ ከተናገርኩ ቆየሁ፣ መልሱ እስካሁን "እናያለን" ነው።

ከፍታውንም ልጥቀስ፣ ምክንያቱም ሰው አያስበውም። ለቫን የተለየ ቦታና ወደዚያ የሚያስገባው መንገድ ከላይ 98 ኢንች ክፍት መሆን አለበት፣ ማለትም 8 ጫማ ከ2 ኢንች። መሀል ከተማ ያሉት የድሮ ጋራዦች መግቢያ ላይ የተንጠለጠለውን ዘንግ አንብቡት፣ ብዙዎቹ 7 ጫማም አይሞሉም። ጣሪያው ከፍ ያለ ቫን መግባት አይችልም፣ ስለዚህ መንገድ ላይ ማቆም ግዴታው ነው። ለዚህ ከተማው ከ2017 ጀምሮ አናታቸው ቀይ የሆኑ የፓርኪንግ መክፈያ ሜትሮችን ተክሏል። ፕላካርድ፣ መስታወቱ ጋ የሚሰቀለው የአካል ጉዳተኛ ፈቃድ፣ ያለው ብቻ ነው የሚያቆምበት። ይከፍላል፣ ግን እጥፍ ሰዓት ያገኛል። ፕላካርድ ሳይኖራችሁ ከቆማችሁ 250 ዶላር ነው። ኡበር የምትሠሩ ልጆች፣ ሰው ለማውረድም ቢሆን ቀዩ አናት ሥር አትጠጉ።

ስለ ፕላካርድ ካነሳን ወደ ቤታችን ልግባ። እናቶቻችን አይወስዱም። እኔ እናቴን "ዶክተርሽ ይፈርምልሽ" ስላት የመጣብኝን አልነግራችሁም። "በሁለት እግሬ ቆሜ እየሄድኩ? ምን ሟርተኛ ነህ!" አለችኝ። ከመኪናው እስከ ክሊኒኩ በር ድረስ ግን ሁለቴ ቆማ ታርፋለች፣ አንዴ ቦርሳዋን የምታስተካክል መስላ፣ አንዴ ደግሞ አበባ የምታይ መስላ።

ፕላካርድ እግር ለሌለው ብቻ የሚሰጥ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ስቴቶቹ የሚከተሉት የፌዴራል መመሪያ ግን የሚጀምረው ከቀላል ነገር ነው፦ ሳያርፍ 200 ጫማ መራመድ የማይችል። 60 ሜትር ገደማ ማለት ነው። በተጨማሪም ዱላ፣ ዎከር ወይም የሌላ ሰው ክንድ ሳይዝ መራመድ የማይችል፣ ኦክሲጅን ተሸክሞ የሚሄድ፣ ከባድ የሳንባ ወይም የልብ ችግር ያለበት፣ በአርትራይተስም ሆነ በነርቭ ሕመም መራመድ በጣም የሚቸግረው። ጉልበቷን ኦፕሬሽን ለተደረገች ሴት ደግሞ ጊዜያዊ፣ ቀዩ አለ። ሰማያዊው የቋሚው ነው። ፎርሙን ከመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ ከሆናችሁ ዲኤምቪ፣ ሜሪላንድ ከሆናችሁ ኤምቪኤ ከሚባለው ታገኛላችሁ፣ ሐኪሙ የራሱን ክፍል ይሞላል፣ ይኸው ነው። አንዱ ስቴት የሰጠውን ሌላው ይቀበላል።

ፕላካርዱ የሰው ነው፣ የመኪና አይደለም። ይህ ሁለት ነገር ያመጣል። አንደኛው ደስ ይላል፣ እናታችሁን ጎረቤት ቢወስዳት፣ የእህቷ ልጅ ቢወስዳት፣ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛው ሄዳ እዚያ መኪና ላይ መስቀል ትችላለች። ሁለተኛው ደስ አይልም። እናት አዲስ አበባ ክረምቱን እያሳለፈች ልጅ በእሷ ፕላካርድ ጂም የሚሄድ ከሆነ ያ ስርቆት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ጋራዥ ውስጥ ሆኜ የማየው ነው፣ መስታወቱ ላይ ሰማያዊው ተሰቅሏል፣ ከመኪናው ደግሞ ለሩጫ የለበሰ ጎረምሳ ዱብ ይላል።

እዚህ ላይ ግን ቀስ። ጎረምሳው የልብ ሕመምተኛ ሊሆን ይችላል። የእኛ ሰው ደግሞ ሐሜት ይወዳል፣ "እሱ ምን ሆኖ ነው? ሠርግ ላይ እስክስታ ሲመታ አይቼዋለሁ" ይላል። የሰው አቅም ከቀን ቀን ይለያያል፣ ሳንባ ደግሞ ከውጭ አይታይም። የኔ ሥራ ፕላካርድ መኖሩን ማየት ነው፣ የሰውን ደረት መመርመር አይደለም። የገዛ ወንድማችሁን ግን ታውቁታላችሁ፣ እሱን ንገሩት።

ደግሞ ቤተ ክርስቲያን። ኤዲኤ የሃይማኖት ተቋማትን ነፃ ያደርጋል። አዎ፣ ቤተ ክርስቲያንንም መስጊድንም። የአካባቢ የሕንፃ ደንብ ሊይዛቸው ይችላል፣ በዚህ በፌዴራሉ ሕግ ግን ማንም መጥቶ "ስንት ቦታ ለያችሁ" አይልም። ጭረቱ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች በብዛት ያሉት ደግሞ የት ይመስላችኋል? የትንሣኤ ሌሊት በር ላይ ቁሙና እዩ። ዎከር የያዙ እናቶች፣ በዱላ የሚሄዱ አባቶች፣ ልጅ እናቱን በር ላይ አውርዶ፣ ቤተኛ ይዟት እንዲገባ አደራ ብሎ፣ ሦስት መንገድ ርቆ መኪናውን አቁሞ ይመጣል። ከበሩ አጠገብ ያለው ቦታ በማን ተይዟል? ቀድሞ በመጣ። ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሰው መኪና የሚያስተባብሩ ወጣቶች አሉን፣ ጎበዞች ናቸው፣ በብርድ ነው የሚቆሙት። ሰበካ ጉባኤው ከበሩ አጠገብ ጥቂት ቦታ ለይቶ፣ ጭረቱንም በቀለም አስምሮ ለአንዱ ወጣት ቢሰጥ ሥራው ሌላ ምንም አይፈልግም። ቀለም ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የሚያልቅ ሥራ።

ሬስቶራንትና ገበያ ያላችሁ ደግሞ ነፃ አይደላችሁም። ፓርኪንጋችሁ እስከ 25 መኪና የሚይዝ ከሆነ አንድ ቦታ፣ እስከ 50 ሁለት፣ እስከ 75 ሦስት፣ እስከ 100 አራት። ከስድስቱ አንዱ ለቫን፣ አንድ ብቻ ከሆነ ያው አንዱ የቫን ይሆናል። ወደ በሩ በሚያስገባው መንገድ ቅርቡ ላይ ነው የሚሆነው፣ ከጓሮ የቆሻሻ ገንዳ አጠገብ አይደለም። "ፕላዛው የባለ ንብረቱ ነው፣ እኔ ተከራይ ነኝ" የሚባለው አይሠራም፤ ሕጉ ሁለቱንም ነው የሚይዘው፣ ውል ላይ ማን ይክፈል የሚለውን ብቻ ነው መነጋገር የምትችሉት። አስፋልቱ ላይ መስመር እንደገና በሚቀባበት ቀን ደግሞ በአዲሱ መለኪያ መቀባት ግዴታ ነው፣ ስለዚህ ቀቢው ሲመጣ ሜትር ይዛችሁ አጠገቡ ቁሙ።

ገንዘቡም ቢሆን ግማሹ ይመለሳል። ያለፈው ዓመት ገቢያችሁ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር ካልበለጠ፣ ወይም የሙሉ ሰዓት ሠራተኞቻችሁ ከ30 ካልበለጡ፣ ለዚህ ዓይነት ማሻሻያ ካወጣችሁት ከ250 ዶላር በላይ ያለው እስከ 10,250 ድረስ ግማሹ ከምትከፍሉት ታክስ ላይ በቀጥታ ይቀነሳል። ትልቁ 5,000 ዶላር ነው። ፎርሙ 8826 ይባላል። ሬስቶራንት ያለው ጓደኛዬ ይህን ስነግረው "እየቀለድክ ነው" ብሎ እዚያው ፊቴ ታክስ ሠሪው ጋ ደወለ። ታክስ ሠሪው ትንሽ ዝም አለና "ነገ ልደውልልህ" አለው። በማግስቱ ደወለለት፣ ጓደኛዬም አሁን ቀለም ቀቢ እያፈላለገ ነው፤ የምታውቁት ካለ ኮሜንት ላይ ጻፉልን።